የዋካታኬሩ ዘመነ መንግሥትና የሁለት ሰይፎች ምስክርነት

የጃፓን የጥንት ነገሥታት ዝርዝር የሚጀምረው ከፀሐይ አምላክ ዘር ተወለደ ከሚባለው ከጂሙ ነው። እንደ ሀገሪቱ ጥንታዊ መጻሕፍት አነጋገር ጂሙ የነገሠው ከክርስቶስ ልደት በፊት በ660 ሲሆን፣ የኖረውም 127 ዓመት ነው። ከእርሱ በኋላ ከተዘረዘሩት የመጀመሪያዎቹ ነገሥታት መካከልም ብዙዎቹ ከመቶ ዓመት በላይ እንደ ኖሩ ተጽፏል። እንዲህ ያለውን ዝርዝር የሚያነብ ተማሪ ሁለት ፈተና ይገጥመዋል። አንደኛው፣ በመጽሐፍ የተጻፈ ነውና ሁሉን አምኖ መቀበል ነው፤ ሁለተኛው ደግሞ፣ ተረት ተቀላቅሎበታልና ሁሉን መጣል ነው። እኛ በዚህ አጭር ጽሑፍ ለማሳየት የምንሞክረው ሁለቱም መንገዶች የሚያሳስቱ መሆናቸውን ነው። ለዚህም ምሳሌ እንዲሆነን በዝርዝሩ 21ኛ ሆኖ የተቆጠረውን፣ ዩርያኩ የተባለውን ንጉሥ መርጠናል። ምክንያቱም ከጃፓን ጥንታውያን ነገሥታት መካከል በመጽሐፍ የተጻፈው ስሙ በራሱ ዘመን በተሠራ ዕቃ ላይ ተቀርጾ የተገኘለት የመጀመሪያው ንጉሥ እርሱ ስለ ሆነ ነው።

በዚህ ጽሑፍ የምንጠቅሳቸው ዓመታት፣ ሌላ ካልተባለ በቀር፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ስለ መጻሕፍቱ

ስለ ዩርያኩ የሚናገሩት ዋነኞቹ የጃፓን መጻሕፍት ሁለት ናቸው። የመጀመሪያው በ712 የተፈጸመው ኮጂኪ ሲሆን፣ ሁለተኛው በ720 ለቤተ መንግሥት የቀረበው ኒሆን ሾኪ ነው። ኒሆን ሾኪ 30 ክፍሎች ያሉት ሰፊ መጽሐፍ ነው፤ የዩርያኩም ታሪክ የሚገኘው በ14ኛው ክፍል ነው። ንጉሡ ነገሠ የሚባለው ከ456 እስከ 479 ነው፤ መጻሕፍቱ የተጻፉት ግን እርሱ ከሞተ ከ230 ዓመት በላይ ካለፈ በኋላ ነው። የጻፏቸውም ሰዎች በቤተ መንግሥት ትእዛዝ የሚሠሩ ነበሩ፤ ከዓላማቸውም አንዱ በዘመናቸው የሚገዛው ቤት ከጥንት ጀምሮ ሳይቋረጥ የመጣ መሆኑን ማሳየት ነበር። ሁለቱ መጻሕፍት እርስ በርሳቸው እንኳ አይስማሙም። ኒሆን ሾኪ ዩርያኩ በ479 ሞተ ሲል፣ ኮጂኪ ግን ዕድሜውን 124 ዓመት ያደርሰዋል፤ የሞተበትንም ዓመት በ489 ላይ ያውለዋል።

ይህን ጉዳይ መመርመር ለሊቃውንት ሁልጊዜ ቀላል ነገር አልነበረም። ትሱዳ ሶኪቺ የተባለው የዋሴዳ ዩኒቨርሲቲ መምህር፣ በሁለቱ መጻሕፍት መጀመሪያ ላይ የሚገኘው ታሪክ የቤተ መንግሥት ጸሐፊዎች ኋላ ያቀነባበሩት ነው ብሎ ጽፎ ነበር። ጃፓን የመንግሥቷን 2600ኛ ዓመት ባከበረችበት በ1940 አራት መጻሕፍቱ ታገዱ፤ እርሱም ከማስተማር ሥራው ለቀቀ። በ1942 የንጉሠ ነገሥቱን ቤት ክብር ነክቷል ተብሎ ተፈረደበት፤ በይግባኝ ላይ ሳለም የሕግ ጊዜው ስላለፈ ጉዳዩ በ1944 ተዘጋ። ጦርነቱ በ1945 ካበቃ በኋላ ግን የትሱዳ የምርመራ ዘዴ በጃፓን የታሪክ ሊቃውንት ዘንድ ሰፊ ተቀባይነት አገኘ። ያን ጊዜ ደግሞ ነገሩ ወደ ሌላው ወገን አዘነበለና፣ ከስድስተኛው መቶ ዓመት በፊት ስለ ነበሩት ነገሥታት የተጻፈውን ሁሉ የሚጠራጠሩ ብዙዎች ሆኑ።

በመጽሐፍ የተነገረው ሕይወቱ

ዩርያኩ የሚለው ስም ንጉሡ በሕይወቱ ሳለ የተጠራበት አይደለም። በስምንተኛው መቶ ዓመት፣ ለቀደሙት ነገሥታት በቻይና ልማድ የክብር ስም ሲወጣላቸው የተሰጠው ነው። በመጽሐፍ የሚገኘው የጥንት ስሙ ኦሃትሱሴ ዋካታኬሩ ይባላል። ኦሃትሱሴ የቦታ ስም ሲሆን፣ ዋካታኬሩ ማለት «ወጣቱ ጀግና» እንደ ማለት ነው። እንዲሁም «ንጉሠ ነገሥት» ብለን የምንተረጉመው ቴኖ የሚለው ማዕርግ የተለመደው በሰባተኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ገደማ ስለ ሆነ፣ በዋካታኬሩ ዘመን የነበረው መጠሪያ «ታላቅ ንጉሥ» የሚል ነበር። እኛም ከዚህ በኋላ በዚሁ በጥንቱ ስሙ እንጠራዋለን።

ዋካታኬሩ 19ኛ ሆኖ የሚቆጠረው የኢንግዮ ልጅ ነው። ከአባቱ በኋላ የነገሠው ወንድሙ አንኮ ነበር። አንኮ ለታናሽ ወንድሙ ለዋካታኬሩ ሚስት ፈልጎ ወደ ልዑል ኦኩሳካ መልእክተኛ ላከና እኅቱን እንዲሰጠው ጠየቀ። ኦኩሳካ በደስታ ተቀብሎ፣ ለፈቃዱ ምልክት እንዲሆን በዕንቁ ያጌጠ የራስ ጌጥ ላከ። መልእክተኛው ግን ጌጡን ለራሱ ደብቆ፣ «ልዑሉ እንቢ ብሎ ሰደበህ» ብሎ ለንጉሡ ተናገረ። አንኮም ነገሩን ሳያጣራ ኦኩሳካን አስገደለ፤ ሚስቱንም ወስዶ የራሱ ሚስት አደረጋት። ከእርስዋ ጋር የመጣው የኦኩሳካ ትንሽ ልጅ ማዮዋ፣ አባቱን የገደለው ንጉሡ መሆኑን አንድ ቀን ሰማ። ንጉሡም ተኝቶ ሳለ ገደለው።

ከዚህ በኋላ የሚተረከው ደም የበዛበት ነው። ዋካታኬሩ የወንድሙን ደም ለመበቀል ተነሣ፤ ነገር ግን ሰይፉ ያረፈው በገዳዩ ላይ ብቻ አልነበረም። ታላላቅ ወንድሞቹን በሤራው ጠርጥሮ አጠፋቸው። ማዮዋ ሸሽቶ የገባበትን የኃይለኛውን የካትሱራጊ ቤት አለቃ የትሱቡራን መኖሪያ ከብቦ በእሳት አቃጠለው። በመጨረሻም ዙፋኑን ሊሻማው ይችል የነበረውን የአጎቱን ልጅ ኢቺኖቤ ኦሺሃን አብረን አደን እንውጣ ብሎ ወስዶ በቀስት ገደለው። የኦሺሃ ሁለት ትንንሽ ልጆች፣ ኦኬና ዎኬ፣ ወደ ሃሪማ አገር ሸሽተው ማንነታቸውን ሰውረው በሎሌነት ኖሩ። ዋካታኬሩ ተወዳዳሪ በሌለበት ሁኔታ በሃትሱሴ አሳኩራ፣ ዛሬ በናራ ክፍለ ሀገር ሳኩራይ በምትባለው ከተማ አካባቢ፣ ቤተ መንግሥቱን ሠርቶ ነገሠ። በመጽሐፈ መሳፍንት ወንድሞቹን ገድሎ የነገሠውን የአቢሜሌክን ታሪክ ያነበበ ሰው ይህ ዐይነቱ አነሣሥ እንግዳ አይሆንበትም።

ኒሆን ሾኪ ስለ ንጉሡ ጠባይ የሚሰጠው ፍርድ አንድ ወጥ አይደለም። በሁለተኛው የግዛቱ ዓመት፣ ብዙ ሰው በስሕተት ስለ ገደለ ሕዝቡ «እጅግ ክፉ ንጉሥ» አሉት ይላል። በአራተኛው ዓመት ደግሞ በካትሱራጊ ተራራ ላይ ሲያድን ከአንድ አምላክ ጋር በትሕትና ስለ ተገናኘና አምላኩም ስለ ሸኘው፣ ያው ሕዝብ «ምግባረ መልካም ንጉሥ» አለው ይላል። አንድ ጠራቢ «መጥረቢያዬ ድንጋይ ነክቶ አያውቅም» ብሎ ስለ ኮራ፣ ንጉሡ ሴቶችን በፊቱ አታግሎ ሐሳቡን ከበተነበት በኋላ መጥረቢያው ድንጋይ ሲመታ እንዲገደል ፈረደበት። ወዲያው ግን ባልንጀራው በለቅሶ ዜማ ሲያዝንለት ሰምቶ ተጸጸተና፣ ምሕረቱን በፈጣን ፈረስ ላከለት። በሌላ ቦታ እንደ ተጻፈው ደግሞ የኪቢ አገር ገዢ አውራ ዶሮዎች ሲያዋጋ፣ ትንሹን ላባውን ነጭቶ በንጉሡ ስም ይጠራው ነበር፤ ትንሹ ዶሮ ባሸነፈ ጊዜም ገዢው ተቈጥቶ ገደለው። ንጉሡ ይህን ሰምቶ 30 ወታደሮች ላከና ገዢውን ከ70 ቤተ ሰቡ ጋር አስገደለ። የተሰረቀውም የራስ ጌጥ በ14ኛው ዓመት ተገኘ፤ መልእክተኛው ለግብዣ ደፍቶት ሲመጣ ንግሥቲቱ የወንድሟን ዕቃ ዐውቃ አለቀሰች፣ ሌባውም ሞተ።

እነዚህ ታሪኮች የሚማርኩ ናቸው። ነገር ግን ታሪኩ ስለ ማረከን ብቻ እውነት ነው ልንል አንችልም። በፍርድ ሸንጎ አንድ ሰው ብቻውን ቢመሰክር ዳኛው ሌላ ምስክር አለህን ብሎ እንደሚጠይቅ፣ እኛም ከመጽሐፉ ውጭ የሆነ ምስክር መፈለግ አለብን።

የቻይና መጽሐፍ ምስክርነት

የመጀመሪያው ምስክር የሚመጣው ከቻይና ነው። በደቡብ ቻይና ከ420 እስከ 479 የገዛው የሶንግ መንግሥት ታሪክ፣ ዋ ተብላ ከምትጠራው ከጃፓን ምድር አምስት ነገሥታት በየተራ መልእክተኞችን እንደ ላኩ ይናገራል። የመጨረሻው ንጉሥ ስሙ በአንድ የቻይና ፊደል ብቻ ተጽፏል፤ ንባቡም በጃፓንኛ «ቡ» ይባላል። የፊደሉ ትርጓሜ የጦር ጀግንነት ነው። ኒሆን ሾኪም ዋካታኬሩ የሚለውን ስም ሲጽፍ «ታኬሩ» የሚለውን ክፍል በዚሁ ፊደል ይጽፈዋል። ደግሞም የቻይናው መጽሐፍ ቡ ከእርሱ በፊት የነበረው ንጉሥ ወንድም እንደ ሆነ ይናገራል፤ ይህም ከአንኮና ከዋካታኬሩ ዝምድና ጋር ይስማማል።

ቡ በ478 ለሶንግ ንጉሠ ነገሥት የላከው ደብዳቤ በዚያው መጽሐፍ ተመዝግቧል። በደብዳቤው አባቶቹ ራሳቸው የጦር ልብስ ለብሰው በምሥራቅ 55፣ በምዕራብ 66፣ ባሕር ተሻግረው በሰሜን 95 አገሮችን እንዳስገበሩ ይናገራል። በስተሰሜን ኮርያ የነበረው የኮጉርዮ መንግሥት መንገዱን እንደ ዘጋበት ይከሳል። አባቱ ሊዘምት ሲነሣ እርሱና ወንድሙ በድንገት እንደ ሞቱበትም ይገልጻል። ከዚያም ማዕርግ ይለምናል። ቻይናም የሰባት አገሮች አዛዥ ልሁን ሲል ለጠየቀው የስድስቱን ብቻ ሰጠችው፤ ያስቀረችው በኮርያ ደቡብ ምዕራብ የነበረውን፣ ራሱን ችሎ ከእርስዋ ጋር የሚገናኘውን የፔክቼን መንግሥት ነው። የቍጥሩን ነገር የንጉሥ ትምክሕት ቢጨምርበትም፣ ደብዳቤው በዘመኑ የተጻፈ በመሆኑ ዋጋው ከፍ ያለ ነው።

ሆኖም ይህ ምስክር ብቻውን አይበቃም። በሁለቱ ስሞች መካከል ያለው ግንኙነት በአንድ ፊደል ላይ የቆመ ነው። በተጨማሪም የቻይና መጽሐፍ፣ በ502 የተቋቋመው የልያንግ መንግሥት ለቡ የማዕርግ ዕድገት እንደ ሰጠ ይናገራል፤ ኒሆን ሾኪ እንደሚለው ግን ዋካታኬሩ ከሞተ በዚያ ጊዜ 23 ዓመት ሆኖታል። ሊቃውንት ይህን የሚፈቱት፣ አዲስ መንግሥት ሲቆም መልእክተኛ ሳይመጣ እንኳ በመዝገቡ ለተገኙት የውጭ ነገሥታት ሁሉ ማዕርግ ያድል ነበር በማለት ነው። ስለዚህ ከሌላ ወገን የመጣ ምስክር ያስፈልግ ነበር።

የሁለቱ ሰይፎች ነገር

በ1873 በኪዩሹ ደሴት፣ በኩማሞቶ ክፍለ ሀገር፣ ኤታ ፉናያማ ከተባለ ጥንታዊ መቃብር ውስጥ አንድ ሰይፍ ተገኘ። በሰይፉ ጀርባ ላይ 75 ያህል የቻይና ፊደሎች በብር ተለብጠው ተጽፈዋል። ጽሑፉ አንድን «ታላቅ ንጉሥ» ይጠቅሳል፤ ነገር ግን የንጉሡ ስም ከተጻፈባቸው ፊደሎች መካከል ያሉት ሦስቱ ጠፍተዋል። የመጀመሪያውም ፊደል በደንብ አይለይም ነበር። በዚህ ምክንያት በ20ኛው መቶ ዓመት የነበሩ ሊቃውንት ስሙን በግምት ሞልተው፣ 18ኛ ሆኖ የሚቆጠረው የሃንዜይ ስም ነው አሉ። ይህ አነባበብም ለብዙ ዓመት ጸንቶ ኖረ።

ሁለተኛው ሰይፍ የተገኘው በሀገሪቱ ሌላ ዳርቻ ነው። በ1968 ከቶኪዮ በስተሰሜን በሳይታማ ክፍለ ሀገር፣ በጊዮዳ ከተማ፣ ኢናሪያማ የሚባል መቃብር ተቆፈረ። መቃብሩ ከላይ ሲታይ የቁልፍ ቀዳዳ የመሰለ፣ ርዝመቱ 120 ሜትር የሆነ የአፈር ጉብታ ነው። ከውስጡ ከወጡት ዕቃዎች መካከል 73.5 ሳንቲ ሜትር የሚሆን፣ ዝገት የሸፈነው የብረት ሰይፍ ነበረ። አሥር ዓመት ያህል ማንም ጽሑፍ እንዳለበት ሳያውቅ ተቀመጠ። በ1978 ዝገቱ እንዳይበላው ለጥገና ወደ ናራ ተልኮ በኤክስ ሬይ ሲመረመር፣ ከዝገቱ በታች በሁለቱም ገጽ በወርቅ የተለበጡ 115 ፊደሎች ታዩ።

ጽሑፉ ንጉሡ ያስጻፈው አይደለም። ያስጻፈው ዎዋኬ የሚባል አገልጋይ ነው። ዎዋኬ ኦሆሂኮ ከሚባለው አባት ጀምሮ እስከ ራሱ ድረስ ስምንት ትውልድ ይቆጥራል። ቤቱ ከትውልድ ወደ ትውልድ፣ በኛ ቋንቋ የሰይፍ ጃግሬዎች አለቃ ልንለው በምንችለው ሹመት እንዳገለገለ ይናገራል። ከዚያም የታላቁ ንጉሥ የዋካታኬሩ አደባባይ በሺኪ በነበረ ጊዜ ከሰማይ በታች ያለውን በማስተዳደር እንደ ረዳ ገልጾ፣ የአገልግሎቱን ምክንያት ለማስታወስ ይህን ሰይፍ እንዳሠራ ይዘግባል። ዋካታኬሩ የሚለው ስም የተጻፈው ድምፁን ብቻ በሚያመለክቱ አምስት ፊደሎች ነው። ፊደሎቹ አልጠፉም፤ ያለ ግምት ይነበባሉ።

ወዲያው ሊቃውንቱ ወደ አሮጌው የኪዩሹ ሰይፍ ተመለሱ። በዚያ የቀሩት የስሙ ፊደሎች ከአዲሱ ሰይፍ ፊደሎች ጋር ሲተያዩ፣ የመጀመሪያውና የመጨረሻው አንድ ሆነው ተገኙ፤ የጠፉትም በመካከል ያሉት ሦስቱ ብቻ ናቸው። ስለዚህ የቀድሞው አነባበብ ተትቶ በሁለቱም ሰይፎች የተጠራው ንጉሥ ዋካታኬሩ መሆኑ ታወቀ። ከዚህ የምንማረው አንድ ነገር አለ። ለረጅም ጊዜ ጸንቶ የኖረ የሊቃውንት አስተያየት እንኳ፣ በጎደለ ፊደል ላይ የቆመ ከሆነ፣ አንድ አዲስ ማስረጃ ሲመጣ ይፈርሳል።

በኢናሪያማ ሰይፍ ላይ ዘመኑም ተጽፏል። የጥንት ምሥራቃውያን ዓመታትን የሚቆጥሩት በየ60 ዓመቱ እየዞሩ በሚመለሱ ስሞች ነበር። በሰይፉ ላይ ያለው የዓመት ስም 411 ወይም 471 ወይም 531 ሊሆን ይችላል። አንዳንዶች 531 ነው ቢሉም፣ አብዛኞቹ የሚቀበሉት 471ን ነው፤ ይህም ዋካታኬሩ ነገሠ ከሚባልበት ከ456 እስከ 479 ካለው ዘመን ውስጥ በትክክል ይገባል፤ ቡ ደብዳቤውን ከላከበት ከ478ም በሰባት ዓመት ብቻ ይቀድማል።

ሰይፎቹ ስለ አገዛዙ የሚነግሩን

ሁለቱ መቃብሮች እርስ በርሳቸው ከ800 ኪሎ ሜትር በላይ ይራራቃሉ። ከያማቶ ቤተ መንግሥት አንዱ በምሥራቅ፣ ሌላው በምዕራብ ነው። በሁለቱም የተቀበሩት ሰዎች ሰይፍ አንድን ንጉሥ በአንድ ማዕርግ መጥራቱ፣ በአምስተኛው መቶ ዓመት መጨረሻ የያማቶ ንጉሥ ስም በሁለቱ ዳርቻዎች ይከበር እንደ ነበር ያመለክታል። ይህ ማለት ግን ኋላ እንደ ታየው ሀገሩ ሁሉ በሹማምንት ይተዳደር ነበር ማለት አይደለም። የየአካባቢው ባላባት በገዛ ምድሩ ትልቅ መቃብር የሚያሠራ ኃይለኛ ነበር፤ ከንጉሡ ጋር ያገናኘው በቤተ መንግሥት የሚሰጠው አገልግሎት ነው።

አገልግሎቱም በሥራ ዐይነት የተከፈለ ነበር። ዎዋኬ የሰይፍ ጃግሬዎች አለቃ ነበረ፤ በኪዩሹ ሰይፍ የተጠቀሰው ሙሪቴ ደግሞ የጽሕፈት ነገር የሚመለከት ሹመት ነበረው። እንግዲህ የጦርና የጽሕፈት ሥራ በየራሱ ስም ተለይቶ ነበር ማለት ነው። የኪዩሹው ሰይፍ የጽሑፉን ጸሐፊ ስምም ጨምሮ ይነግረናል፤ ስሙ የቻይና ስም ነው። ይህም ከኒሆን ሾኪ ጋር ይስማማል፤ በዋካታኬሩ ዘመን ከኮርያ የመጡ ሸክላ ሠሪዎች፣ ኮርቻ ሠሪዎች፣ ሠዓሊዎችና ሸማኔዎች በያማቶ እንደ ሰፈሩ፣ የሃታ ወገንም ሐር አምርቶ ለንጉሡ እንደ ከመረለት ይተርካልና። በዚያን ጊዜ ብዕር ይዘው ለጃፓን ነገሥታት የሚጽፉት በአብዛኛው ከባሕር ማዶ የመጡ ሰዎችና ልጆቻቸው ነበሩ።

ሌላም የሚያስደንቅ ነገር አለ። ቡ ለቻይና ሲጽፍ ራሱን እንደ ገባር ዝቅ አድርጎ ማዕርግ ይለምን ነበር። በሀገሩ ውስጥ ግን አገልጋዮቹ «ከሰማይ በታች ያለውን የሚገዛ ታላቅ ንጉሥ» ይሉታል፤ ይህም አነጋገር ለቻይና ንጉሠ ነገሥት የሚነገር ነበር። ከ478ቱ መልእክት በኋላ ከጃፓን ወደ ቻይና ሌላ መልእክተኛ መሄዱ በእርግጥ የሚታወቀው በ600 ነው። ከዚህ በመነሣት ብዙ ሊቃውንት የያማቶ ነገሥታት የውጭ ማዕርግ ሳይፈልጉ በራሳቸው ስም መግዛት የጀመሩት በዋካታኬሩ ዘመን ነው ብለው ያስባሉ።

መጽሐፉን እንደገና ስናነበው

ከዚህ ሁሉ በኋላ ወደ ኒሆን ሾኪ ስንመለስ፣ ራሱ መጽሐፉ በዚህ ዘመን አካባቢ መልኩን እንደሚለውጥ እናያለን። ኦጋዋ ኪዮሂኮ የተባለው የሥነ ከዋክብት ሊቅ የመጽሐፉን ቀኖች ቢመረምር፣ ከአንኮ ዘመን መጨረሻ ጀምሮ ያሉት በ445 በቻይና ሥራ ላይ በዋለው በዩዋንጂያ የዘመን አቆጣጠር የተሰሉ ሆነው አገኘ። ከዚያ በፊት ያሉት ግን የተሰሉት በሰባተኛው መቶ ዓመት በወጣ አዲስ አቆጣጠር ነው። ስለዚህ የጥንቱ ዘመን ቀኖች ከድሮ መዝገብ የተገለበጡ ሳይሆኑ ኋላ ወደ ኋላ ተቆጥረው የገቡ ናቸው። እንዲሁም የቋንቋ ሊቅ የሆነው ሞሪ ሂሮሚቺ የመጽሐፉን የቻይንኛ አጻጻፍ መርምሮ፣ ከ14ኛው ክፍል፣ ማለት ከዋካታኬሩ ታሪክ ጀምሮ ሌላ እጅ እንደ ገባበትና ይህ ጸሐፊ ቻይንኛን ከሌሎቹ አስተካክሎ እንደሚጽፍ አሳይቷል።

ከኮርያ የመጣ ምስክርም አለ። ኒሆን ሾኪ በዋካታኬሩ አምስተኛ ዓመት፣ በ461፣ የፔክቼ ንጉሥ የሚሆን ልጅ በአንድ ደሴት ላይ እንደ ተወለደና በደሴቱ ምክንያት ሺማ እንደ ተባለ ይናገራል። በ1971 በኮንግጁ ከተማ የዚሁ ንጉሥ፣ የሙርዮንግ፣ መቃብር ተገኘ። በውስጡ ያለው የድንጋይ ጽሑፍ ንጉሡን ሳማ ብሎ ይጠራውና በ523 በ62 ዓመቱ እንደ ሞተ ይገልጻል። የተወለደበት ዓመት ከመጽሐፉ የሚለየው በአንድ ዓመት ያህል ብቻ ነው። ከ250 ዓመት በላይ ዘግይቶ የተጻፈ መጽሐፍ ይህን ያህል ሊቀርብ የቻለው ጸሐፊዎቹ የፔክቼን አሮጌ መዝገብ ይዘው ስለ ነበረ ነው።

ይሁን እንጂ ማስረጃው የሚያጸናውን ከማያጸናው መለየት አለብን። ሰይፎቹ ዋካታኬሩ የሚባል ታላቅ ንጉሥ በዚያ ዘመን መኖሩንና ስሙ በሩቅ መታወቁን ያጸናሉ። ወንድሞቹን መግደሉን፣ የጠራቢውንና የዶሮውን ነገር ግን አያጸኑም፤ አይሽሩምም። በአንድ ነገርማ ከመጽሐፉ ጋር የማይስማሙ ይመስላሉ፤ መጽሐፉ ቤተ መንግሥቱ በሃትሱሴ አሳኩራ ነበር ሲል፣ ሰይፉ በሺኪ ነበር ይላል። አንዳንዶች ሺኪ ሃትሱሴን የሚጨምር ሰፊ የአገር ስም ነው ብለው ያስታርቋቸዋል። ይህ ሊሆን የሚችል ነው፤ ነገር ግን ማስታረቂያ እንጂ ራሱን የቻለ ማስረጃ አለመሆኑን መዘንጋት የለብንም።

የዘሩ ፍጻሜና የመቃብሩ ነገር

ዋካታኬሩ ዙፋኑን ለልጆቹ ለማቆየት ሲል ዘመዶቹን አጠፋ፤ የዘሩ ፍጻሜ ግን ከዚህ ተቃራኒ ሆነ። እርሱን የተካው ልጁ ሴኔይ ልጅ አልነበረውም። ያን ጊዜ በአደን ላይ የተገደለው የኦሺሃ ልጆች ከሃሪማ ተፈልገው መጡ፤ በመጀመሪያ ታናሹ ዎኬ ኬንዞ ተብሎ፣ ቀጥሎም ታላቁ ኦኬ ኒንኬን ተብሎ ነገሡ። ኮጂኪ እንደሚተርከው ኬንዞ የአባቱን ደም ለመበቀል የዋካታኬሩን መቃብር አፍርሱ ብሎ አዘዘ። ወንድሙ ግን ሌላ ሰው አይላክ፣ እኔው እሄዳለሁ ብሎ ሄደና ከመቃብሩ ጎን ጥቂት አፈር ብቻ ቆፍሮ ተመለሰ። ንጉሡም ስለምን አላፈረስኸውም ብሎ ቢጠይቀው፣ ሟቹ የአባታችን ጠላት ቢሆንም ዘመዳችንና ሀገሩን የገዛ ንጉሥ ነው፤ ፈጽመን ብናፈርሰው የሚመጣው ትውልድ ይወቅሰናል፤ ለኀፍረቱ ይህ ይበቃዋል ብሎ መለሰለት። ኬንዞም ነገሩን ተቀበለ።

ዛሬ የዋካታኬሩ መቃብር ተብሎ የተከለለው በኦሳካ ክፍለ ሀገር በሃቢኪኖ የሚገኝ ክብ ጉብታ ነው። ብዙ ሊቃውንት ግን እውነተኛው መቃብር በዚያው አካባቢ ያለው፣ የሌላ ንጉሥ የቹአይ መቃብር ተብሎ የተሰየመው፣ ወደ 240 ሜትር የሚረዝመው ኦካ ሚሳንዛይ ሳይሆን አይቀርም ይላሉ። የነገሥታት መቃብሮች በንጉሠ ነገሥቱ ቤት መሥሪያ ቤት ስለሚጠበቁና በነፃ ስለማይቆፈሩ ክርክሩ እልባት አላገኘም።

መደምደሚያ

በ1889 የወጣው የጃፓን ሕገ መንግሥት በመጀመሪያው አንቀጽ ሀገሪቱ ከጥንት ጀምሮ ባልተቋረጠ ዘር እንደምትገዛ ይደነግግ ነበር። ይህ ሕግ ለኛም ሩቅ አይደለም፤ በ1931 (በኛ አቆጣጠር በ1923 ዓ. ም.) ለወጣው የኢትዮጵያ የመጀመሪያ ሕገ መንግሥት አርአያ ሆኖ አገልግሏልና። ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴም በዚያው በ1931 ጃፓንን ጎብኝተው ስለ ሀገሪቱ መጽሐፍ ጽፈዋል። እንግዲህ የዘር አለመቋረጥ ነገር በጃፓን መጻሕፍት እንዴት እንደ ተጻፈና እንዴት እንደ ተመረመረ ማወቅ ለኢትዮጵያዊ ተማሪም ይጠቅማል እንላለን።

የዋካታኬሩ ታሪክ የሚያስተምረን ይህ ነው። ትሱዳን የከሰሱት ሰዎች መጽሐፉ ከተነካ የንጉሡ ክብር ይወድቃል ብለው ፈሩ። ነገር ግን ለዋካታኬሩ የማይናወጥ ምስክር ያስገኘለት ያ የተፈራው ምርመራ ነው እንጂ፣ ጥያቄን የከለከለው ፍርድ ቤት አይደለም። በሌላ በኩልም መጽሐፉን ሁሉ ተረት ነው ብለው የጣሉት ሰዎች፣ አንድ አገልጋይ ከ1500 ዓመት በፊት በወርቅ ያስጻፈው ስም ከዝገት በታች ሲወጣ ፍርዳቸውን ማለዘብ ግድ ሆነባቸው። ዎዋኬ ያሰበው የገዛ ቤቱን ክብር ለማስታወስ ብቻ ነበር፤ ሳያስበው ለጌታው ምስክር ሆነ። ስለዚህ የታሪክ ተማሪ ሥራ ነገሥታትን ማክበር ወይም መንቀፍ ሳይሆን፣ እያንዳንዱ ነገር በስንት ምስክር እንደ ቆመ መቁጠርና የቆጠረውን ያህል ብቻ መናገር ነው።

በዚህ ርእስ ከኛ ይልቅ የመረመሩ መምህራንና ጓደኞቻችን ጉድለታችንን ቢያርሙልን በደስታ የምንቀበል መሆናችንን እየገለጽን ጽሑፋችንን በዚህ እንፈጽማለን።